ከአንድ ሜተድ ከአንድ በላይ ውጤት መመለስ፦ ኦውት፣ ታፕል ወይስ ሪከርድ?

አንድ ሜተድ (ተጠርቶ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ነገር አያልቅም። ሲያካፍል ድርሻና ቀሪ ይወጣል፤ ጽሑፍን ወደ ቁጥር ሲቀይር ቁጥሩና «ተሳካ ወይስ አልተሳካም» የሚለው መልስ አብረው ይመጣሉ፤ ዝርዝር ሲያስስ ትንሹም ትልቁም ይፈለጋል። በሲ ሻርፕ የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ ቢያንስ አምስት መንገድ አለ። አምስቱም ኮምፓይል ይደረጋሉ (ወደሚሮጥ ፕሮግራም ይቀየራሉ)፣ አምስቱም ትክክለኛ መልስ ይሰጣሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ቆይቶ ነው፦ ሜተዱ አሲንክ (ሥራው እስኪያልቅ ጠሪውን የማያስጠብቅ) ይሁን ሲባል፣ ሦስተኛ ውጤት ሲጨመር፣ ወይም ሥራው መሀል ላይ ኤክሴፕሽን (ሥራውን የሚያቋርጥ ስህተት) ሲነሳ።

ይህ መመሪያ በዋናነት ሲ ሻርፕን ይዞ ይሄዳል፤ ኦውት (ውጤት የሚወጣበት ፓራሜትር)፣ ታፕል (በቅንፍ የታሰሩ ዋጋዎች) እና ሪከርድ (ስም ያለው የውጤት ዓይነት) ጎን ለጎን የሚገኙበት ቋንቋ በመሆኑ ለንጽጽር ይመቻል። በሌሎች ቋንቋዎች ለሚሠሩ ወደ መጨረሻው ላይ የተለየ ክፍል አለ። በመሀል የሚገቡት የኮድ ቅንጫቢዎች ቅርጹን ለማሳየት በፊደላችን የተጻፉ ናቸው፤ ቁልፍ ቃላቱን ስትጽፉ በቋንቋው ፊደል ጻፏቸው።

አስቀድሞ፣ በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ የውጤቶቹ ዝምድና ነው። አንዱ ውጤት ሌላው የሚታመን መሆኑን የሚናገር ነው? (የተሳካ መሆኑና ቁጥሩ።) ወይስ ሁለቱ እኩያ ናቸው? (ድርሻና ቀሪ።) ወይስ አንድ ላይ ስም ያለው ነገር ይሆናሉ? (ኬክሮስና ኬንትሮስ ተደምረው «ቦታ» ናቸው።) ይህን ጥያቄ በትክክል የመለሰ ሰው ምርጫውን ከግማሽ በላይ ጨርሷል።

ሁለተኛው፣ ሜተዱ መሀል ላይ ቢወድቅ በጠሪው እጅ ምን ይተርፋል የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ሜተዱ አሁን ወይም ወደፊት አሲንክ ይሆናል ወይ? አራተኛው፣ ሁለት ተመሳሳይ ዓይነት ውጤቶች ቦታ ቢለዋወጡ ኮምፓይለሩ ያገኘዋል ወይ? አምስተኛው፣ ነገ አንድ ውጤት ቢጨመር ስንት ቦታ ይሰበራል?

ሜሞሪና ፍጥነትን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥነው ሆን ብለን ነው። በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ የማይጠራ ሜተድ ላይ በእነዚህ መንገዶች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት አይታወቅም። የተዛባ ቅደም ተከተል ግን በቀን አንዴ በሚጠራ ሜተድ ውስጥም የተሳሳተ ሪፖርት ያወጣል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ሁለተኛው ውጤት በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ጥያቄው «አለ ወይስ የለም» ብቻ ከሆነ ነል («ምንም የለም» የሚል ባዶ ዋጋ) ሊሆን የሚችል አንድ ዋጋ መመለስ ይበቃል። ነል ራሱ ሕጋዊ መልስ ሊሆን የሚችልበት ቦታ ላይ ብቻ ነው ይህ የማይሠራው።

ኦውት

ኦውት የተባለ ፓራሜትር ዋጋ ይዞ አይገባም፤ ይዞ ይወጣል። ጠሪው ቫሪያብሉን ቀድሞ እንዲሞላ አይገደድም። ሜተዱ ግን በየትኛውም መንገድ ከመመለሱ በፊት ሊሞላው ግዴታ አለበት፤ አንድ የኢፍ ቅርንጫፍ እንኳ ሳይሞላው «ሪተርን» ካለ ኮምፓይለሩ በስህተት ቁጥር ሲኤስ0177 ያስቆመዋል። ሜተዱ ውስጥ ሳይሞላ ለማንበብ ቢሞከር ደግሞ ሲኤስ0269 ይመጣል። ጠሪውም ኦውት የሚለውን ቃል በጥሪው ላይ መጻፍ አለበት። ይህ ሕግ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው የሜተዱን ውስጥ ሳይከፍት «ይህ ቫሪያብል እዚህ ጋ ይሞላል» ብሎ ያውቃል።

እስከ 2017 ድረስ ቫሪያብሉን በተለየ መስመር አስቀድሞ ማወጅ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሲ ሻርፕ 7.0 ማወጁን ጥሪው ውስጥ አስገባው፤ የማይፈለገውን ውጤትም በአንድ የግርጌ ሰረዝ መጣል ተቻለ፦

```
ኢፍ (ኢንት.ትራይፓርስ(ግቤት, ኦውት ቫር ዕድሜ))
    መዝግብ(ዕድሜ);
```

ኦውት ከሁሉም የሚልቀው እዚህ ነው። ሜተዱ እውነት ወይም ሐሰት ይመልሳል፣ እውነት ከሆነ ብቻ ኦውቱ ይታመናል። መልሱ በቀጥታ ኢፍ ውስጥ ስለሚገባ ጠሪው መፈተሹን የመርሳት ዕድሉ ትንሽ ነው። የዲክሽነሪው ትራይጌትቫልዩም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፦ ቁልፉ መኖሩን በአንድ ጥሪ፣ ዋጋውን በሌላ ጥሪ ከማምጣት ይልቅ በአንድ ፍለጋ ሁለቱንም ይጨርሳል። የዶትኔት (የሲ ሻርፕ ማስኬጃና ቤተ መጻሕፍት) የኮድ ትንተና ሕግ ሲኤ1021 «ኦውት ፓራሜትርን አስወግዱ» ይላል፤ በ«ትራይ» ስም የተሠሩትን ሜተዶች ግን ከዚህ ነፃ ያደርጋል። ሕጉ በትክክል ያየው ይመስለናል።

ከትራይ ውጭ ሲወጣ ግን ኦውት ወጥመዱ ብዙ ነው።

ዋናው፣ ኦውት ቅጂ አይደለም፤ ሜተዱ የሚጽፈው በቀጥታ በጠሪው ቫሪያብል ላይ ነው። አንድ ሜተድ ድምርና አማካይ በኦውት ይመልሳል እንበል። ድምሩን ሞላ፣ አማካዩን ሊያሰላ ሲል ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ በዜሮ ማካፈል መጣና ኤክሴፕሽን ተነሳ። ጠሪው ሁለቱን ቫሪያብሎች ከዚህ በፊት በነበረ ስሌት ሞልቷቸው ከነበረና ኤክሴፕሽኑን ይዞ ከቀጠለ፣ በእጁ ያለው አዲስ ድምርና የድሮ አማካይ ነው። ሁለቱ አይገናኙም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። በታፕል ወይም በሪከርድ ይህ አይደርስም፤ ሜተዱ ሳይመለስ ምንም ነገር በጠሪው ላይ አይጻፍም። ኦውት መጠቀም ግድ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁሉንም ውጤት መጀመሪያ በውስጥ ቫሪያብሎች አስሉ፣ ኦውቶቹን ከ«ሪተርን» በፊት ባሉት የመጨረሻ መስመሮች ላይ አንድ ላይ ሙሉ። በዚሁ ምክንያት አንድን ቫሪያብል ለሁለት ኦውት መስጠት ይቻላል፤ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፣ መጨረሻ የተጻፈው ያሸንፋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ኢፍ ውስጥ የታወጀው ቫሪያብል ከኢፉ በኋላም በሕይወት መኖሩ ነው። ከላይ ባለው ቅንጫቢ ግቤቱ ቁጥር ካልሆነ «ዕድሜ» 0 ይሆናል፤ ከኢፉ በታች ሌላ መስመር ቢያነበው ኮምፓይለሩ አይቃወምም፤ ተሞልቷልና። ዜሮ ዕድሜ ያለው ደንበኛ ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው። ሲሳሳት ቶሎ መመለስ ይህን ይዘጋል፦ «ካልተሳካ ተመለስ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የተሳካውን ብቻ ያያል።

ሦስተኛው ግድግዳ ነው፣ አይታለፍም። አሲንክ ሜተድ ኦውት፣ ሬፍም ሆነ ኢን ፓራሜትር ሊኖረው አይችልም፤ ስህተቱ ሲኤስ1988 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አሲንክ ሜተድ አዌይት («ጠብቅ») ላይ ሲደርስ ለጠሪው ይመለሳል፣ የቀረው ሥራ በኋላ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ የጠሪው ቫሪያብል የነበረበት ቦታ ላይኖር ይችላል። «ይልድ ሪተርን» የሚጠቀም ኢተሬተርም (ውጤቱን አንድ በአንድ የሚሰጥ ሜተድ) እንደዚሁ ይከለከላል (ሲኤስ1623)፤ ላምዳም (ስም የሌለው ሜተድ) የውጭውን ሜተድ ኦውት ፓራሜትር ሊይዝ አይችልም (ሲኤስ1628)። ዳታቤዝ ወይም ኔትወርክ የሚነካ ሜተድ ዛሬ አሲንክ ባይሆን እንኳ ነገ መሆኑ ስለማይቀር፣ እዚያ ላይ ኦውት አትጀምሩ።

ትናንሾቹን በአጭሩ፦ ፕሮፐርቲን ለኦውት መስጠት አይቻልም (ሲኤስ0206)፣ ፊልድና የአሬይ ክፍል ግን ይቻላል። የዓይነቱ መመሳሰል ፍጹም መሆን አለበት፤ ኦብጀክት የሚያወጣ ኦውት የስትሪንግ ቫሪያብል አይቀበልም። በሬፍና በኦውት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሜተዶች በአንድ ክላስ ውስጥ አይኖሩም (ሲኤስ0663)፤ ከሥር፣ ለማስኬጃው፣ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ስለ ሬፍ ይህ ይበቃል፦ ሬፍ የሚገባም የሚወጣም ነው፣ ጠሪው ቀድሞ መሙላት አለበት። ያለውን ዋጋ አንብቦ የሚለውጥ ሜተድ ላይ ቦታ አለው፤ ውጤት ለመመለስ ብቻ ከሆነ ግን አትምረጡት።

ታፕል

ዶትኔት 4.0 በ2010 ያመጣው የመጀመሪያው ታፕል ክላስ ነበር፤ ክፍሎቹ «አይተም1»፣ «አይተም2» ከሚባል ሌላ ስም አልነበራቸውም። ዛሬ ለአዲስ ኮድ እሱን የሚመርጡበት ምክንያት የለም። ከሲ ሻርፕ 7.0 ጋር የመጣው ቫልዩታፕል ስትራክት (ሲተላለፍ ዋጋው ራሱ የሚቀዳ ዓይነት) ነው፣ ሂፕ (በኋላ መጽዳት ያለበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ ቦታ አይወስድም፣ ለክፍሎቹም ስም መስጠት ይቻላል፦

```
(ኢንት ድርሻ, ኢንት ቀሪ) አካፍል(ኢንት ተካፋይ, ኢንት አካፋይ)
    => (ተካፋይ / አካፋይ, ተካፋይ % አካፋይ);

ቫር (ድርሻ, ቀሪ) = አካፍል(17, 5);    // 3 እና 2
```

ለእኩያ ውጤቶች ከዚህ የጠራ ቅርጽ የለም። ውጤቱ በግራ ቅንፍ፣ ግቤቱ በቀኝ በኩል ሳይቀላቀሉ ይነበባሉ። የዶትኔት ቤተ መጻሕፍት ራሱ ይህን መንገድ ተከትሏል፦ የማዝ ክላስ ዲቭሬም ሜተድ ለዓመታት ቀሪውን በኦውት ሲያወጣ ቆይቶ፣ በ2021 በወጣው ዶትኔት 6 ሁለቱንም በታፕል የሚመልስ አቻ ተጨመረለት። አሲንክም ችግር አይሆንም፤ አሲንክ ሜተድ በሚመልሰው ታስክ ውስጥ ታፕሉን ማስገባት ብቻ ነው።

ድክመቱ ያለው ቅደም ተከተል ላይ ነው። ጠሪው ከላይ ያለውን መስመር ተሳስቶ እንዲህ ቢጽፈው፦

```
ቫር (ቀሪ, ድርሻ) = አካፍል(17, 5);
```

ቀሪ 3፣ ድርሻ 2 ይሆናል። ታፕል ሲበተን የሚከተለው ስምን ሳይሆን ቦታን ነው፤ ሁለቱም ኢንት ስለሆኑ ኮምፓይለሩ ምንም አይታየውም። ሳይበተን በአንድ ቫሪያብል ተቀብሎ «ው.ድርሻ»፣ «ው.ቀሪ» እያሉ መጥራት ይህን ያስቀራል። የዓይነታቸው መለያየትም ያድናል፤ ስትሪንግና ቀን ቢለዋወጡ ቀጣዩ መስመር ላይ ኮዱ አይሄድም።

የክፍሎቹ ስም ለኮምፓይለሩ እንጂ ለሚሮጠው ፕሮግራም አይደለም። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ያሉት አይተም1ና አይተም2 ናቸው። ስለዚህ ታፕልን በቀጥታ ወደ ጄሰን (የመረጃ መለዋወጫ ጽሑፍ) የሚቀይር ሰው ይደነግጣል፦ የዶትኔት የራሱ የጄሰን ቤተ መጻሕፍት ካልታዘዘ በስተቀር ፊልዶችን አይጽፍም፣ የቫልዩታፕል ክፍሎች ደግሞ ፊልድ ናቸው፤ የሚወጣው ባዶ ጥምዝ ቅንፍ ነው። ከኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ከሚጠሩት በር) የሚወጣ ምንም ነገር ታፕል አይሁን።

ሦስተኛ ክፍል ሲጨመር ታፕሉን በትነው የሚቀበሉ ጠሪዎች ሁሉ ይሰበራሉ። በስም የሚጠሩት ኮድ ሳይቀይሩ ያልፋሉ፣ ግን እነሱም እንደገና ኮምፓይል መደረግ አለባቸው፤ የሜተዱ ፊርማ ተቀይሯልና ያልታደሰ ዲኤልኤል (ኮምፓይል የተደረገ ፋይል) ሲሮጥ ሜተዱን አያገኘውም። ከሦስት ክፍል በላይ የያዘ ታፕል ስታዩ ወደ ሪከርድ የሚሄድበት ጊዜ እንደደረሰ ቁጠሩት። ከዶትኔት ፍሬምወርክ 4.7 በታች ለሚሠሩ ደግሞ የቫልዩታፕል ፓኬጅ ለብቻው መጨመር ያስፈልጋል።

ሪከርድ፣ ክላስና ስትራክት

ውጤቶቹ አንድ ላይ ስም ካላቸው ስሙን ስጧቸው። ከሲ ሻርፕ 9 (2020) ወዲህ ይህ አንድ መስመር ነው፦

```
ሪከርድ የክፍያ_ውጤት(ዴሲማል የተከፈለ, ዴሲማል ቀሪ_ዕዳ, ስትሪንግ ደረሰኝ);
```

ይህ መንገድ ከአምስቱ መመዘኛዎች በአራቱ ይቀድማል። አሲንክ አያግደውም። ግማሽ የተሞላ ውጤት ለጠሪው አይደርስም። ክፍሎቹ በስም ስለሚጠሩ ቦታ መለዋወጥ የሚቻለው ሪከርዱ በሚፈጠርበት አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ማብራሪያ መጻፍ፣ ወደ ጄሰን መቀየር፣ ለሌላ ሜተድ ማቀበልም ይቻላል።

አዲስ ክፍል ሲጨመር አንድ ጥንቃቄ አለ። በቅንፉ ውስጥ ከጨመራችሁት ኮንስትራክተሩም አበታተኑም ይቀየራል፣ ጠሪዎች ይሰበራሉ። ከቅንፉ ውጭ፣ መነሻ ዋጋ ያለው ተራ ፕሮፐርቲ አድርጋችሁ ብትጨምሩት የነበረው ኮድ ሳይነካ ይቀጥላል።

ተራ ሪከርድ ክላስ ስለሆነ በየጥሪው ሂፕ ላይ ይፈጠራል። ይህ የሚያሳስብበት ጥብቅ ሉፕ ካለ ሲ ሻርፕ 10 (2021) ያመጣውን ሪከርድ ስትራክት መጠቀም ይቻላል። ስትራክት በየጊዜው ስለሚቀዳ ግን ትንሽ ይሁን፤ የማይክሮሶፍት የንድፍ መመሪያ የሚያስቀምጠው ወሰን ከ16 ባይት በታች ነው፣ ይህም ሁለት ሎንግ ወይም አራት ኢንት አካባቢ ማለት ነው።

የሪከርድ ዋጋው ተጨማሪ ስም ማውጣት ነው። ለሁለት ጠሪ የግል ሜተድ ሲባል «የሂሳብ_ውጤት_መረጃ» የሚባል ዓይነት መፍጠር ፕሮጀክቱን በማይጠቅሙ ስሞች ይሞላል። ጥሩ ስም ወዲያው ካልመጣላችሁ ውጤቶቹ አንድ ነገር አይደሉም ማለት ነው፤ ታፕል ያዙ።

አሬይና ዲክሽነሪ

ሦስት የተለያዩ ውጤቶችን በኦብጀክት አሬይ መመለስ፣ ወይም በስትሪንግ ቁልፍ ዲክሽነሪ ውስጥ መክተት፣ የኮምፓይለሩን ዓይን መሸፈን ነው። የፊደል ስህተት ያለበት ቁልፍ የሚገኘው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው። አሬይ ወይም ሊስት ትክክል የሚሆነው ውጤቶቹ አንድ ዓይነት ሆነው ብዛታቸው አስቀድሞ ሳይታወቅ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ግን የተመለሰው አንድ ውጤት፣ ማለትም ዝርዝር ነው።

በአንድ እይታ

| መንገድ | አሲንክ | መሀል ላይ ቢወድቅ | ተመሳሳይ ዓይነቶች ቢለዋወጡ | ውጤት ሲጨመር | ሂፕ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኦውት | አይቻልም | ግማሹ ሊጻፍ ይችላል | አይታወቅም | ጠሪው ሁሉ ይሰበራል | አይነካም |
| ሬፍ | አይቻልም | ግማሹ ሊቀየር ይችላል | አይታወቅም | ጠሪው ሁሉ ይሰበራል | አይነካም |
| ታፕል | ይቻላል | ምንም አይደርስም | ሲበተን አይታወቅም | የበተኑት ይሰበራሉ፣ ሁሉም ዳግም ኮምፓይል | አይነካም |
| ሪከርድ | ይቻላል | ምንም አይደርስም | በስም ከተጠራ አይደርስም | በፕሮፐርቲ ከሆነ አይሰበርም | ይወስዳል |
| ሪከርድ ስትራክት | ይቻላል | ምንም አይደርስም | በስም ከተጠራ አይደርስም | በፕሮፐርቲ ከሆነ አይሰበርም | አይነካም |
| ኦብጀክት አሬይ | ይቻላል | ምንም አይደርስም | ሲሮጥ ይወድቃል ወይም ያሳስታል | በዝምታ ያልፋል | ይወስዳል |

ለማን የትኛው?

ሥራው «ሞክር፣ ከተሳካ ስጠኝ» ከሆነና አሲንክ ካልሆነ ኦውት ውሰዱ፤ ስሙን በ«ትራይ» ጀምሩ፣ ኦውቱም አንድ ብቻ ይሁን። ያው ሥራ አሲንክ ሲሆን «ተሳካ» እና «ዋጋ» የያዘ ታፕል፣ ወይም ነል ሊሆን የሚችል ውጤት ይመለስ።

ሜተዱ የግል ሆኖ ጠሪዎቹ እዚያው ፋይል ውስጥ ከሆኑ ታፕል ከበቂ በላይ ነው። ሌላ ቡድን የሚጠቀምበት ቤተ መጻሕፍት የምትጽፉ ከሆነ፣ ወይም ውጤቱ ከኤፒአይ የሚወጣ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን ሪከርድ አድርጉት፤ በኋላ መቀየር የሌሎችን ኮድ መስበር ነው። በፕሮፋይለር (ፍጥነትና ሜሞሪ በሚለካ መሣሪያ) ለክታችሁ የሂፕ ጫና ያያችሁበት ቦታ ላይ ደግሞ ታፕል ወይም ትንሽ ሪከርድ ስትራክት ይበቃል፤ ለፍጥነት ብላችሁ ወደ ኦውት መመለስ የሚያስፈልጋችሁ እምብዛም ነው።

በሌሎች ቋንቋዎች

ጃቫ ኦውትም ሬፍም የለውም፤ ወደ ሜተድ የሚገባው ሁልጊዜ ቅጂ ነው። አንድ ክፍል ያለው አሬይ አሳልፎ ውስጡን መሙላት የድሮ ዘዴ ነው፣ ለአንባቢ ያስቸግራል። ከጃቫ 16 (2021) ጀምሮ ሪከርድ ስላለ እሱን ያዙ።

በፓይተን ሁለት ነገሮችን በኮማ ለይቶ መመለስ ታፕል ይሠራል። ለሚያድግ ውጤት ከፓይተን 3.7 (2018) ወዲህ ያለው ዳታክላስ ይሻላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የፓይተን ዲቭሞድ ለ-17 እና ለ5 የሚሰጠው -4 እና 3 ነው፤ የሲ ሻርፕ ዲቭሬም ደግሞ -3 እና -2። ኮድ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዞሩ የመመለሻው ቅርጽ ቢመሳሰልም ውጤቱ አይመሳሰልም።

«ጎ» በተባለው ቋንቋ ብዙ ውጤት መመለስ የቋንቋው አካል ነው፤ ስህተቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ዋጋው ከመነካቱ በፊት ይፈተሻል። ሲ በፖይንተር ይሠራል፤ ስካንኤፍ ላይ የአድራሻ ምልክቱን መርሳት የሜሞሪ ስህተት ያመጣል። ሆኖም የሲ መደበኛ ቤተ መጻሕፍት ራሱ «ዲቭ» የተባለውን ፋንክሽን ድርሻና ቀሪ በያዘ ስትራክት እንዲመልስ አድርጎታል። በሲ ፕላስ ፕላስ 17 ደግሞ የተመለሰ ስትራክት ወይም ታፕል በአንድ መስመር ይበተናል።

በኤስኪውኤል ሰርቨር ስቶርድ ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም) ላይ አውትፑት የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ይጻፋል፦ ሲገለጽም ሲጠራም። ሲጠራ ከተረሳ ስህተት አይመጣም፤ ቫሪያብሉ እንደነበረ ይቀራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ነል። ከሲ ሻርፕ በኩል ሲጠራ ዳታሪደር (ውጤቱን ረድፍ በረድፍ የሚያነበው) ተከፍቶ ከሆነ የአውትፑቱን ዋጋ ከማንበባችሁ በፊት ሪደሩን ዝጉት፤ ለስትሪንግ አውትፑትም የርዝመቱን መጠን መስጠት አትርሱ።

ያለውን ኦውት ማውጣት

ብዙ ጠሪ ያለው የኦውት ሜተድ በአንድ ቀን አይነቀልም። መጀመሪያ ሥራውን ታፕል ወይም ሪከርድ ወደሚመልስ አዲስ ሜተድ አዛውሩ። ኦውቶቹ ስለሚወጡ የፓራሜትሩ ብዛት ይለያያል፤ ስለዚህ ያንኑ ስም መያዝ ይቻላል። ቀጥሎ የድሮው ሜተድ አዲሱን ጠርቶ ውጤቱን በኦውቶቹ ላይ የሚያከፋፍል ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ይሁን። ከዚያ ኦብሶሊት የሚለውን አትሪቢዩት ለጥፉበት፣ ኮምፓይለሩ የቀሩትን ጠሪዎች በማስጠንቀቂያ እየቆጠረ ያሳያችኋል። ጠሪዎቹን አንድ በአንድ አዛውሩ፣ ማስጠንቀቂያው ሲያልቅ የድሮውን ሰርዙት።